ከካሜራው በፊት ፎርማሊኑ፤ ብርቅ የሐሞት ከረጢት ብግነትና የምዕራብ ደቡብ ወሎ ደጋ

በምዕራብ ደቡብ ወሎ ደጋ የሚሠሩ የጤና ባለሙያዎች በተገናኙ ቁጥር ከሚያነሷቸው ጥያቄዎች አንዱ «ላፓሮስኮፒ መቼ ይመጣልናል?» የሚል ነው። ጥያቄው ተገቢ ነው። ሆድን በሰፊው ሳይከፍቱ፣ በጠባብ ቀዳዳዎች በሚገቡ ካሜራና መሣሪያዎች የሐሞት ከረጢትን ማውጣት በሌላው ዓለም ከሠላሳ ዓመት በላይ የተለመደ ሕክምና ሆኗል፤ በአዲስ አበባና በአንዳንድ የክልል ከተሞችም ይሠራል። የመካነ ሰላም ወይም የአጅባር ገበሬ ከዚህ ያነሰ ሕክምና ይበቃዋል የሚል ክርክር ለማንሳት አልተነሣሁም። ጎኑ በረጅሙ ተቀዶ የተሰፋ ሰው እርፍ ለመጨበጥ የሚፈጅበት ጊዜ በጠባብ ቀዳዳ ከታከመው ሰው ጊዜ በእጅጉ እንደሚረዝም አውቃለሁ፤ ያ ጊዜ ከሰኔ ጋር ከገጠመ ደግሞ የአንድ ዓመት እህል ነው። የእኔ ክርክር ስለ ቅደም ተከተል ነው። ካሜራው ከመምጣቱ በፊት መምጣት ያለባቸው፣ ዋጋቸውም ከካሜራው ጋር የማይነጻጸር ነገሮች አሉ፤ እነርሱ ሳይኖሩ የሚመጣ ካሜራ ደግሞ አደጋ ይዞ ይመጣል እላለሁ።

ይህን ያስተማረኝ በትምህርት ቤት ሳለሁ በመጽሐፍ ገጽ ግርጌ ብቻ አይቼ ያለፍሁት አንድ ሕመም ነው። ስሙ ረጅም ነው፤ ዛንቶግራኑሎማተስ ኮሌሲስታይቲስ። «ዛንቶስ» በግሪክ ቢጫ ማለት ነው፤ ስለዚህ በዚህ ጽሑፍ «ቢጫው ብግነት» እያልሁ እጠራዋለሁ። የሐሞት ጠጠር የከረጢቱን መውጫ ሲዘጋ ውስጡ ያለው ሐሞት ይታቆራል፤ ግፊቱም ይጨምራል። ከዚያ በኋላ ሐሞቱ በቁስልና በከረጢቱ የውስጥ ሽፋን ላይ ባሉ ጥቃቅን ስርጉዶች በኩል ወደ ግድግዳው ይሰርጋል። ሐሞት ኮሌስትሮልና ሌላ ቅባት የያዘ ነገር ስለሆነ፣ ያን ለማጽዳት የሚመጡት ማክሮፋጅ የተባሉ ሕዋሳት ቅባቱን ውጠው አረፋ የመሰሉ ሆነው ይቀራሉ። ተሰባስበውም በግድግዳው ውስጥ ቢጫ ጓጎላዎች ይሠራሉ፤ በዙሪያቸው ጠባሳ ይተከላል። ከጊዜ በኋላ ቀጭን የነበረው ከረጢት ወፍሮና ደድሮ ከጉበት፣ ከትንሹ አንጀት መጀመሪያ፣ አንዳንዴም ከትልቁ አንጀት ጋር ተጣብቆ ይገኛል።

ሕመሙ ዛሬ የሚጠራበትን ስም ያገኘው እ.ኤ.አ. በ1976 ነው። ስሙን የሰጠው ጽሑፍ የሁለት ታካሚዎች ዘገባ ብቻ ነበር፤ የወጣውም በአሜሪካ የደቡብ ካሮላይና ግዛት የሕክምና ማኅበር መጽሔት ላይ ነው። በዓለም ከታወቁት ታላላቅ መጽሔቶች አንዱ አልነበረም። ይህን የምጠቅሰው በኋላ ስለምመለስበት ነው። ከዚያ ወዲህ በምዕራቡ ዓለም ከሚወጡ የሐሞት ከረጢቶች መካከል ከመቶ አንድ ሁለቱ ያህል ቢጫው ብግነት የታየባቸው ሆነው ተመዝግበዋል፤ ከሕንድ በወጡ አንዳንድ ጥናቶች ግን ቁጥሩ ወደ ዐሥር ይጠጋል። በአብዛኞቹ ታካሚዎች ከረጢት ውስጥ ጠጠር አለ፤ አብዛኞቹም ሃምሳና ስድሳ ዓመት አካባቢ ያሉ ናቸው።

አማርኛችን ለሐሞት የሰጠው ቦታ ከሕክምናው ፈጽሞ የተለየ ነው። ሐሞቱ የመረረ ሰው ጀግና ነው፤ ሐሞቱ የፈሰሰ ፈሪ ነው፤ «ሐሞተ ቢስ» ስድብ ነው። በግ አርዶ የበለተ ሰው ሁሉ ያችን አረንጓዴ ከረጢት በዓይኑ ያውቃታል፤ እንዳትፈስበትም ተጠንቅቆ ከጉበቱ ይለያታል። ይህን ያህል የምናውቀው አካል ግን ሲታመም ስሙ አይጠራም። ከጎድን አጥንት በታች በቀኝ በኩል የሚጀምር፣ ወደ ትከሻ የሚወጣ፣ ቅባት ከተበላ በኋላ ሌሊት የሚነሣ ሕመም በእኛ አገር ስሙ «ጨጓራ» ነው። በፋሲካ ማግሥት፣ ከ55 ቀን ጾም በኋላ ዶሮና ቅቤ የገባበት ሆድ ሲያም «ጨጓራዬ ተነሣ» ይባላል፤ በአረፋ ሰሞንም እንዲሁ። ታካሚው እንዲህ ብሎ ይመጣል፤ እኛም እንዲሁ ብለን እንጽፋለን። ኦሜፕራዞል ይሰጣል፤ የጠጠር ሕመም በራሱ ጊዜ የሚለቅ ስለሆነም መድኃኒቱ የሠራ ይመስላል።

ወደ ድኅረ ምረቃ ትምህርት ከመግባቴ በፊት በአንድ የወረዳ ሆስፒታል በጤና መኮንንነት እሠራ ነበር። ዕድሜያቸው ሃምሳዎቹን ያጋመሰ አንዲት እናት በሁለት ዓመት ውስጥ ደጋግመው መጡ። በካርዳቸው ላይ ሦስት ጊዜ «ጨጓራ» ብዬ የጻፍሁት እኔ ነኝ፤ የእጅ ጽሕፈቴ ስለሆነ ልክደው አልችልም። በአራተኛው ጊዜ አልትራሳውንድ ታዘዘ። ጠጠር አለ፤ የከረጢቱ ግድግዳ ከመጠን በላይ ወፍሯል፤ በውስጡም ጠቆር ጠቆር ያሉ ነጥቦች ይታያሉ የሚል ውጤት መጣ። በቃል ግን ለቤተሰቡ የተነገረው «ካንሰር ሳይሆን አይቀርም» የሚል ነበር። በሬ ሸጠው ወደ ከተማ ሄዱ፤ በአንድ የጤና ተቋም ሆዳቸው ተከፍቶ ከረጢቱ ወጣላቸው። ድነው ተመለሱ። ልጃቸውን አግኝቼ የናሙናውን ውጤት ስጠይቀው እንዲህ አለኝ፤ «ዶክተር፣ በብልቃጥ አድርገው ሰጡን፤ ወስዳችሁ አስመርምሩ አሉን። የያዝነው ገንዘብ ግን አልቆ ነበር።» (ዶክተር አይደለሁም፤ በገጠራችን ነጭ ጋዋን የለበሰ ሁሉ ዶክተር ነው።) ታዲያ ብልቃጡን ምን አደረጋችሁት ብለው ትንሽ አመነታና «የእናቴ አካል አይደል? ከቤታችን ጓሮ ቀበርነው» አለ።

ከአንድ ዓመት ተኩል በኋላ እኒያ እናት ዓይናቸው ቢጫ ሆኖ መጡ። ከሦስት ነገሮች አንዱ ሊሆን ይችላል። የመጀመሪያው፣ ከረጢቱ በእርግጥም ካንሰር የነበረበት ሆኖ ተመልሶ መጥቶ ይሆናል። ወይም ሕመሙ ቢጫው ብግነት ብቻ ሆኖ በቀዶ ሕክምናው ጊዜ የተነካ የሐሞት ቱቦ ቀስ በቀስ ጠብቧል። አለዚያም በቱቦው ውስጥ የቀረ ጠጠር ነው። ሦስቱም ዓይንን ቢጫ ያደርጋሉ፤ ሕክምናቸው ግን የሰማይና የምድር ያህል ይራራቃል። ጠጠር ከሆነ ይወጣል፤ የጠበበ ቱቦ ከሆነ ከአንጀት ጋር ይቀጠላል፤ ካንሰር ከሆነ ደግሞ ቤተሰቡን ሌላ በሬ አታሽጡ ብሎ ሕመም ማስታገስ ነው። ከሦስቱ አንዱን ሊያስወግድልን ወይም ሊያረጋግጥልን ይችል የነበረው ብልቃጥ ጓሮ ተቀብሯል። ቤተሰቡ ሌላ ጉዞ አልሞከረም። እናቲቱ በቤታቸው ዐረፉ፤ በምን እንደሞቱ ዛሬም መጻፍ አልችልም።

ቢጫው ብግነት ለቀዶ ሐኪም ልዩ ፈተና የሚሆነው በሁለት አቅጣጫ ስለሚያሳስት ነው። በምስል ካንሰርን ይመስላል፤ ሲ.ኤ. 19-9 የተባለው የደም ምርመራ ሳይቀር ሊጨምር ይችላል። ስለዚህ ካንሰር ነው ተብሎ ጉበት ጭምር የተቆረጠለት፣ በኋላ በማይክሮስኮፕ ሲታይ ብግነት ብቻ ሆኖ የተገኘ ታካሚ በዓለም የሕክምና ጽሑፎች ውስጥ በብዛት ይገኛል። በተቃራኒው፣ ብግነት ነው ተብሎ በከረጢቱ ግድግዳ በኩል የተቆረጠና የፈሰሰ ካንሰርም አለ፤ የፈሰሰ የሐሞት ከረጢት ካንሰር ደግሞ በሆድ ውስጥ ይዘራል። ከዚህም በላይ በጥቂት ታካሚዎች ሁለቱ አብረው ይገኛሉ፤ ስለዚህ በመርፌ የተወሰደ ትንሽ ናሙና ብግነት ስላሳየ ካንሰር የለም ማለት አይቻልም። ሲቲ ስካን ባለበት ቦታ አንዳንድ ምልክቶች ወደ ብግነቱ ያዘነብላሉ፤ ግድግዳው በአንድ ወገን ሳይሆን ዙሪያውን መወፈሩ፣ በግድግዳው ውስጥ የጠቆሩ ጓጎላዎች መታየታቸው፣ የውስጥ ሽፋኑ መስመር ሳይቆረጥ መቀጠሉ፣ በጉበት ውስጥ ያሉት የሐሞት ቱቦዎች አለመስፋታቸው። ምልክቶቹ ሚዛን ያዘነብላሉ እንጂ ፍርድ አይሰጡም። ፍርዱ የማይክሮስኮፑ ነው።

አሁን ወደ ጠባቡ ቀዳዳ እንምጣ። ካርል ላንገንቡኽ በርሊን ውስጥ የመጀመሪያውን የሐሞት ከረጢት ያወጣው እ.ኤ.አ. በ1882 ነው። ኤሪኽ ሚዩሄ የተባለ ሌላ ጀርመናዊ ያንኑ ሥራ በላፓሮስኮፒ የሠራው እ.ኤ.አ. በ1985 ሲሆን፣ የአገሩ ቀዶ ሐኪሞች መጀመሪያ ላይ አሳቡን አጣጣሉት፤ ከዓመታት በኋላ ግን ያው ማኅበር ሸለመው። ዛሬ ቀላል ለሆነ የሐሞት ጠጠር ላፓሮስኮፒ ቀዳሚ ምርጫ መሆኑ የሚያከራክር አይደለም። ሆድ በካርቦን ዳይኦክሳይድ ይነፋል፤ ግፊቱ ከ12 እስከ 15 ሚሊ ሜትር ሜርኩሪ ይደርሳል፤ ካሜራው ይገባል፤ ከረጢቱ ተይዞ ወደ ላይ ይጎተታል። ከዚያ በኋላ የሥራው ሁሉ ቁልፍ የሚሆነው ነገር ይመጣል። ስትራስበርግና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ1995 ባስቀመጡት መለኪያ መሠረት፣ ሐኪሙ ምንም ነገር ከመቁረጡ በፊት በከረጢቱ አንገት ዙሪያ ያለውን ስብና ጅማት አጽድቶ፣ የከረጢቱን የታችኛውን ክፍል ከጉበቱ አላቆ፣ ወደ ከረጢቱ የሚገቡ ሁለት ነገሮች ብቻ መኖራቸውን በዓይኑ ማረጋገጥ አለበት፤ አንድ ቱቦና አንድ የደም ሥር። ይህ ካልታየ ምንም ነገር መቁረጥ የለበትም።

በቢጫው ብግነት ውስጥ ይህ እይታ ብዙ ጊዜ አይገኝም። የአንገቱ ዙሪያ እንደ ደረቀ ጭቃ ተጋግሯል። ስቡና ቱቦው አይለዩም፤ ዋናው የሐሞት ቱቦ ተስቦ ከከረጢቱ ጋር ሊጣበቅ ይችላል። በላፓሮስኮፒ የዋናው ሐሞት ቱቦ ጉዳት በጠቅላላው ከሺህ ታካሚ በሦስት እስከ አምስቱ ላይ የሚደርስ ሲሆን፣ አደጋው የሚበረታው ጠባሳ በበረታበት ቦታ ነው። በዚህ ሕመም በላፓሮስኮፒ ተጀምረው ወደ ሰፊ ቀዶ ሕክምና የሚዞሩት ታካሚዎች ቁጥር ከጥናት ጥናት ቢለያይም፣ ከአምስት አንድ ከሚሉት ጀምሮ ከግማሽ በላይ የሚሉ አሉ። መዞር ሽንፈት አይደለም፤ በጥሩ ሐኪም እጅ የማስተዋል ምልክት ነው። ችግሩ ወዴት ነው የምንዞረው የሚለው ነው። ለመዞር ሰፊውን ቀዶ ሕክምና አሳምሮ የሚያውቅ እጅ ያስፈልጋል። በታላላቅ አገሮች እንኳ በካሜራ ብቻ የሠለጠነ አዲስ ትውልድ የተከፈተ ሆድ ውስጥ የከበደ የሐሞት ከረጢት የማየት ዕድሉ እየቀነሰ መሄዱ ራሱን የቻለ ሥጋት ሆኗል። እኛ ገና ከጅምሩ ያን ሥጋት ከካሜራው ጋር አብረን ማስገባት የለብንም።

ሌላም መውጫ አለ፤ ከረጢቱን በከፊል ማውጣት። አንገቱ የማይደረስበት ሲሆን ሐኪሙ የሚቻለውን ክፍል ቆርጦ፣ ጠጠሩን አውጥቶ፣ የቀረውን ይዘጋል ወይም ክፍት ትቶ ማፍሰሻ ቱቦ ያኖራል። ታካሚው ለጥቂት ቀናት ሐሞት ሊያፈስ ይችላል፤ ዋናው ቱቦ ግን አይነካም። ይህን ውሳኔ በጊዜ የሚወስን ሰው ከማንኛውም መሣሪያ ይበልጣል። ነገር ግን ከፊሉ የቀረ ከረጢት ካንሰር የነበረበት ከሆነስ? እንደገና ወደ ማይክሮስኮፑ ተመለስን።

በነገራችን ላይ ሰፊ ቁስልና ካሜራ ብቻ አይደለም ምርጫችን። በአምስትና በስምንት ሴንቲ ሜትር መካከል በሚሆን ትንሽ መክፈቻ የሐሞት ከረጢትን ማውጣት ይቻላል። እ.ኤ.አ. በ2006 የታተመው የኮክሬን ግምገማ ይህን መንገድ ከላፓሮስኮፒ ጋር አነጻጽሮ በሞትም ሆነ በጉዳት መጠን ጉልህ ልዩነት አላገኘም፤ የትንሹ መክፈቻ ቀዶ ሕክምና እንዲያውም በአጭር ጊዜ ያልቃል። ካሜራ አይፈልግም፤ ጋዝ አይፈልግም፤ መብራት ሲጠፋ ስክሪኑ አይጨልምም። ይህ ግኝት በእኛ አካባቢ ውይይት ውስጥ ሲነሣ ሰምቼ አላውቅም። ምክንያቱ ይገባኛል፤ ትንሽ መክፈቻ ለመመረቅ ሪባን አይቆረጥለትም። ያም ሆኖ ላልተወሳሰበ ጠጠር ለደጋው ሆስፒታል የመጀመሪያው እርምጃ ይህ ነው ብዬ አምናለሁ፤ ያጋጠመው ነገር ከብዶ ከተገኘም መክፈቻውን ማስፋት በቂ ነው።

ስለ ቦታው ደግሞ ሳይነገር የሚታለፍ ነገር የለም። መካነ ሰላም ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,500 ሜትር በላይ የተቀመጠች ከተማ ናት፤ በስተምዕራብ የዓባይ ሸለቆ አለ፤ ደሴ ለመድረስ በአቀስታ በኩል የተራራውን መንገድ ከ150 ኪሎ ሜትር በላይ መጓዝ ያስፈልጋል፤ ከደሴ አዲስ አበባ ደግሞ 400 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። የላንሴት የዓለም አቀፍ ቀዶ ሕክምና ኮሚሽን እ.ኤ.አ. በ2015 አምስት ቢሊዮን ሰው አስተማማኝ ቀዶ ሕክምና እንደማያገኝ ሲያስታውቅ፣ ለአንድ ሆስፒታል መለኪያ ያደረጋቸው ሦስት ሥራዎች ነበሩ፤ በቀዶ ሕክምና ማዋለድ፣ ሆድ መክፈትና የተከፈተ ስብራት ማከም። እነዚህን በሁለት ሰዓት ርቀት ማግኘት ይገባል አለ። እኔ የምማርበት የተቀናጀ ድንገተኛ ቀዶ ሕክምና የማስተርስ መርሐ ግብር እ.ኤ.አ. በ2009 የተጀመረው ለዚሁ ነበር፤ ቀዶ ሐኪም በሌለበት ወረዳ ምጥ የጠናባትን እናትና አንጀቱ የታጠፈበትን ገበሬ የሚያድን እጅ እንዲኖር። የከበደ የሐሞት ከረጢት ከዚያ ሥልጣን ወሰን ውጪ ነው፤ ወሰኑን ማወቅም የሥልጣኑ አካል ነው። ስለዚህ ግድግዳው የወፈረና ጓጎላ የታየበት ከረጢት በወረዳ ሆስፒታል መነካት የለበትም፤ በትንሽ መክፈቻም ቢሆን፣ በካሜራም ቢሆን። መላክ አለበት።

መላክ ግን በእኛ ዘመን ቀላል ቃል አይደለም። በ2014 ዓ.ም. መጀመሪያ ደሴ በጦርነቱ በተያዘች ጊዜ የዞኑ ትልቁ ሆስፒታል ተዘርፎ አገልግሎቱ ተቋርጦ ነበር፤ ከ2015 ዓ.ም. መጨረሻ ወዲህ ደግሞ በክልሉ በተነሣው ግጭት ምክንያት መንገድ የሚከፈትበትንና የሚዘጋበትን ቀን ታካሚ አይመርጥም። ውድ መሣሪያ በአንድ ቦታ መከመር ምን ያህል በቀላሉ እንደሚጠፋ ያየን ሰዎች ነን። የፎርማሊን ብልቃጥ ያለው ብልጫ እዚህ ላይ ይታያል። የታመመ ሰው መንገድ እስኪከፈት ሊጠብቅ አይችልም፤ በፎርማሊን የተቀመጠ ናሙና ግን ቀናትን፣ ቢያስፈልግ ሳምንታትን ይጠብቃል። ከተዘጋጀ በኋላ በፓራፊን የታሸገው ቁራጭ ደግሞ ለዓመታት ተቀምጦ እንደገና ሊታይ ይችላል። ሰው ከማጓጓዝ ናሙና ማጓጓዝ ይቀላል፤ ወደ ደሴ ታካሚ ይዞ የሚወርድ አምቡላንስ ብልቃጥ ለመጨመር ተጨማሪ ነዳጅ አይጠይቅም።

ሥራው እንዴት እንደሚሠራ በዝርዝር ልናገር፤ ብዙ ናሙና የሚበላሸው እዚህ ላይ ነውና። የወጣው ከረጢት እንደታሸገ ፎርማሊን ውስጥ መጣል የለበትም፤ ሐሞቱ የውስጡን ሽፋን እየበላ ያበላሸዋል። በጉበት በኩል ባልነበረው ጎኑ በመቀስ ተከፍቶ፣ ሐሞቱ ፈስሶ፣ ጠጠሩ ወጥቶ ይቀመጣል። ፎርማሊኑ ዐሥር በመቶ የሆነ፣ መጠኑም ከናሙናው ቢያንስ ዐሥር እጥፍ መሆን ይገባዋል፤ በጓንት ጣት ውስጥ በተጨመረ ትንሽ ጠብታ ሥጋ አይጠበቅም። ሳላይንም አልኮልም ምትክ አይሆኑም። ብልቃጡ ላይ ክዳኑ ላይ ሳይሆን ጎኑ ላይ ይጻፍ፤ ክዳን ይቀያየራል። ሐኪሙ ግድግዳው ምን ያህል ወፍሮ እንዳገኘው፣ ቢጫ ነገር አይቶ እንደሆነ፣ ከምን ጋር ተጣብቆ እንደነበር በሁለት መስመር ቢያሰፍር የፓቶሎጂ ባለሙያው ሥራ በግማሽ ይቀላል። ለዚህ ሁሉ የሚያስፈልገው ሰፊ አፍ ያለው ብልቃጥ፣ አየር የሚዘዋወርበት ክፍልና የሁለት ሰዓት ሥልጠና ነው።

ሁለት ተቃውሞዎች ይቀርቡብኛል። የመጀመሪያው «ይህ ብርቅ ሕመም ነው፤ ወባና ወሊድ ባለበት አገር ስለ ቢጫ ብግነት መጻፍ ቅንጦት ነው» የሚል ነው። ብርቅ የሚባለው ነገር ግን የተቆጠረ ነገር ነው። ከረጢቱ በሚቀበርበት ወይም ከቆሻሻ ጋር በሚቃጠልበት ቦታ ሕመሙ ብርቅ አይባልም፤ ስም የለውም። ከዚያም በላይ ብልቃጡ የሚይዘው ቢጫውን ብግነት ብቻ አይደለም፤ ያልታሰበውን ካንሰርም ይይዛል፤ እርሱ በጊዜ ሲገኝ ታካሚው እንደገና የሚድንበት ዕድል አለው። ሁለተኛው ተቃውሞ ይከብዳል፤ ክፍያው ነው። የእኒያ እናት ልጅ ብልቃጡን የቀበረው በግድየለሽነት አልነበረም። የሬሳ ያህል አክብሮ ነው የቀበረው፤ ያጣው ገንዘብ ነው። መልሴ የናሙና ምርመራ ዋጋ ከቀዶ ሕክምናው ዋጋ ተለይቶ ለብቻው መጠየቅ የለበትም የሚል ነው። በማኅበረሰብ አቀፍ ጤና መድን የመጀመሪያ ሙከራ ወረዳዎች መካከል ከዚሁ ዞን ተሁለደሬ ነበረች፤ መድኑ ዛሬ በደጋው ወረዳዎች ሁሉ የታወቀ ነው። የመድን ውሉ «የሐሞት ከረጢት ማውጣት» ሲል ናሙናውን መላክንና ማስመርመርን አብሮ የሚያጠቃልል ቢሆን፣ ብልቃጡም ለቤተሰብ ሳይሆን ለተቋሙ መልእክተኛ ቢሰጥ፣ ያ ጓሮ ባልተቆፈረ ነበር። ይህ የሚጠይቀው የፖሊሲ ለውጥ ነው፤ የአንድ ካሜራ መግዣና ማስጠገኛ ያህል ገንዘብ ግን አይጠይቅም።

አንድ ነገር ልመን። ፓቶሎጂስቶች ጥቂት ናቸው፤ ከየወረዳው ብልቃጥ ቢጎርፍባቸው ውጤቱ መዘግየቱ አይቀርም። ሦስት ወር የዘገየ ውጤት ለካንሰር ታካሚ ብዙ አይጠቅምም የሚል ሰው ትክክል ነው። ስለዚህ ሁሉም ብልቃጥ እኩል መሰለፍ የለበትም፤ በሐኪሙ ዓይን የወፈረ፣ የደደረ ወይም የተጣበቀ ሆኖ የተገኘው ቀይ ምልክት ተደርጎበት ይቅደም። ከአልትራሳውንድም ጀምሮ ማጣራት ይቻላል። ባዶ ሆድ ሳይሆን የመጣ ሰው ከረጢቱ ተጨማዶ ግድግዳው ወፍሮ ስለሚታይ በከንቱ ያስደነግጣል። በዚህ ረገድ ጾመኞቻችን ጥሩ ታካሚዎች ናቸው፤ እስከ ዘጠኝ ሰዓት ሳይቀምስ የቆየ ሰው ከረጢቱ ሞልቶና ግድግዳው ተወጥሮ ይታያል። ከሦስት ሚሊ ሜትር በላይ የሆነ ግድግዳ ባዶ ሆድ በሆነ ሰው ላይ ከተገኘ ያኔ ቁም ነገር ነው። «ጨጓራ» የሚለው ቃል ከመጻፉ በፊትም አንዲት ጥያቄ ትበቃለች፤ ሕመሙ ቅባት ከበላችሁ በኋላ ይነሣል ወይ?

ይህን የምጽፈው የምርምር ርእስ ለሚፈልጉ የድኅረ ምረቃ ባልደረቦቼም ጭምር ነው። ብዙዎቻችን ለመመረቂያ ጽሑፋችን አዲስ አበባ ያለ ትልቅ መረጃ እንመኛለን፤ ወይም ለሺህ ሰው መጠይቅ እንበትናለን። ቢጫው ብግነት ግን ስሙን ያገኘው በሁለት ታካሚ ዘገባ በአንድ የግዛት መጽሔት ላይ ነው ብያለሁ። ከመካነ ሰላም፣ ከአቀስታ፣ ከአጅባር፣ ከወግዲና ከከላላ ለሐሞት ከረጢት ቀዶ ሕክምና የተላኩ ሰዎች ከየት ተነሥተው የት ደረሱ፣ ከመታከማቸው በፊት ስንት ጊዜ «ጨጓራ» ተባሉ፣ ናሙናቸው ተመረመረ ወይስ ለቤተሰብ ተሰጠ፤ ይህን በካርድና በስልክ መከታተል የአንድ ሰው የስድስት ወር ሥራ ነው። እኔ ጀምሬዋለሁ። ናሙና ከወረዳ ወደ ደሴ ሲላክ አብሮ የሚሄድ ቅጽም አርቅቄአለሁ፤ አንድ ገጽ ነው፤ ስም፣ ዕድሜ፣ የካርድ ቁጥር፣ የወጣበት ቀንና ሰዓት፣ ሐኪሙ ያየው ነገር፣ ውጤቱም የሚደርሰው ስልክ። የመጨረሻው መስመር የቤተሰቡ ሳይሆን የላከው ሆስፒታል ስልክ ነው።